ከጅማ አዲስ አበባ በአውሮፕላን መመላለስ፦ ኪስን ሳይጎዱ ትኬት የመቁረጥ ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ አንድ እግሩ አዲስ አበባ የሆነ ሰው ብዙ ነው። ቤተሰቡ እዚያ ሆኖ እሱ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አለ። ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ሰብስቦ ለሽያጭ የሚመላለስ ነጋዴ አለ። በየወሩ ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ ያለው ታካሚ አለ። የፕሮጀክት ሠራተኛው፣ ጠበቃው፣ ኦዲተሩም አለ።

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፎ የጊቤን ቁልቁለት ወርዶ መልሶ መውጣት፣ ከዚያ ወልቂጤ፣ ከዚያ ወሊሶ። በአውቶቡስ ቀኑ እዚያው ያልቃል። አውሮፕላኑ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ ቀሪው ጥያቄ ዋጋው ነው።

ኢንተርኔት ላይ ስለ ርካሽ ትኬት የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ለእኛ አይሠራም። «አየር መንገዶችን አወዳድሩ» ይላል። ማንን ከማን ጋር? ጅማ በመደበኛ ፕሮግራም የሚበርልን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። «ቅርብ ያለ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ሞክሩ» ይላል። ከጅማ ሌላ ማረፊያ ፍለጋ የሚነዳ ሰው ግማሹን የአዲስ አበባ መንገድ ጨረሰ ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ የምናወዳድረው ቀንን ከቀን፣ ሰዓትን ከሰዓት ነው። ሌላው ትልቁ ቁጠባ ደግሞ የተቆረጠን ትኬት አለማባከን ነው። በቅጣትና በቅያሬ የሚሄደው ገንዘብ፣ ርካሽ ትኬት ፈልገን ከምናተርፈው ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

1. የትኛውን ጉዞ በአየር እንደምትሄዱ መጀመሪያ ለዩ

በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚመላለስ ሰው ሁሉንም ጉዞ በአውሮፕላን አድርጎ አይዘልቀውም። ሁሉንም በአውቶቡስ ማድረግም ሰውነት ይጎዳል። መለየት ያስፈልጋል። ለመለየት ደግሞ የትኬቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ከቤት እስከ ጉዳያችሁ በር ድረስ ያለውን ወጪ መደመር ነው።

ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ብቻ ውሰዷቸው። አውቶቡስ 1,500 ብር፣ አውሮፕላን 6,000 ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 4,500 ይመስላል። አሁን ጠዋት 3 ሰዓት አዲስ አበባ ስብሰባ ያለበትን ነጋዴ ያዙ። በአውቶቡስ ከሄደ አንድ ቀን ቀድሞ መውጣት አለበት። አልጋ 1,000፣ ራትና ቁርስ 500፣ ሱቁ ተዘግቶ የዋለበት ቀን 2,000። ድምሩ 5,000 ሆነ። በአውሮፕላን ሲሄድ ደግሞ እዚህ ባጃጅ፣ እዚያ ከቦሌ ታክሲ ጨምሮ 600 ቢያወጣ 6,600 ነው። የእውነት ልዩነቱ 1,600 ብር ሆነ ማለት ነው። ይህ ሰው ቢበር ያዋጣዋል።

አሁን ደግሞ ቅዳሜና እሁድን ከልጆቹ ጋር ሊያሳልፍ የሚሄደውን መምህር ያዙ። አልጋ አይከፍልም፤ ቤቱ ነው። የሚዘጋው ሱቅ የለውም። ለእሱ አውቶቡሱ 1,500 እና የመንገድ ምሳ ነው፤ አውሮፕላኑ ያው 6,600። እዚህ ላይ ገንዘቡ ሳይሆን ድካሙ ነው የሚወስነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ጉዞውን ለሁለት መክፈል ነው፦ ሰዓት የሚያስገድደውን መንገድ በአየር፣ ሌላውን በየብስ። ሄዶ በአውሮፕላን፣ ተመልሶ በአውቶቡስ። ይህ ምንም ነውር የለውም፤ ለወር ወጪ ትልቅ እፎይታ ነው።

የራሳችሁን ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍሩና ወሰን አውጡ። «ትኬቱ ከዚህ በታች ከሆነ እበራለሁ፣ ከዚህ ካለፈ በአውቶቡስ» የሚል። ይህ ወሰን የሌለው ሰው ሁልጊዜ በችኮላ ነው የሚቆርጠው።

2. ዋጋው እንዴት እንደሚሠራ እወቁ

አንድ አውሮፕላን ላይ አብረው የተቀመጡ ሰዎች የተለያየ ዋጋ ከፍለው ሊሆን ይችላል። ወንበሩ አንድ ነው፣ ሻዩም አንድ ነው፤ የዋጋ ደረጃው ግን ይለያያል። አየር መንገዱ የአንዱን በረራ ወንበሮች በደረጃ ይከፋፍላቸዋል። በርካሹ ደረጃ ጥቂት ወንበር፣ በሚቀጥለው ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ሌላ ጥቂት፣ እያለ ይወጣል። ርካሹ ሲሸጥ ሲስተሙ ወደሚቀጥለው ያልፋል። «ትናንት ያየሁት ዋጋ ዛሬ ጨመረብኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ደጋግሞ ስለፈለገ የተቀጣ የሚመስለው ሰው አለ። እውነቱ ያቺ ርካሽ ወንበር በሌላ ሰው ተወስዳለች።

ወደ ጅማ ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። የሚይዘው ከ70 እስከ 80 የሚጠጋ ሰው ነው። ትልቅ አውሮፕላን አይደለም። ስለዚህ ርካሾቹ ወንበሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንድ ወርክሾፕ 20 ሰው በአንዴ ካስያዘ ያ በረራ በአንድ ከሰዓት መልኩን ይቀይራል።

«የመጨረሻው ቀን ላይ ባዶ ወንበር ስላለ ይረክሳል» የሚለውን ወሬ እርሱት። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በመጨረሻ ሰዓት የሚቆርጠው ለቅሶ የደረሰበት፣ ሕመምተኛ የያዘ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ሰው ነው። ይህ ሰው ዋጋ አይመርጥም። አየር መንገዱም ያውቀዋል፤ የመጨረሻዎቹን ወንበሮች ለእሱ በውድ ያቆያቸዋል።

ከትኬቱ ውስጥ የተወሰነው ክፍል ደግሞ ታክስና የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያ ነው። እሱ ላይ እናንተ የምታደርጉት ነገር የለም። ነዳጁ፣ መለዋወጫውና አውሮፕላኑ ራሱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት የነበረውን ዋጋ እያስታወሱ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

3. ቀን መቁጠሪያውን አንብቡ

ዋናው ቁጠባ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ከሳምንቱ ውስጥ የሚወደዱት አርብ ከሰዓት፣ እሁድ ማታና ሰኞ ጠዋት ናቸው። ሁሉም ሰው ለሳምንት መጨረሻ ሄዶ ሰኞ ሥራ መግባት ይፈልጋል። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት ብዙውን ጊዜ ይለሰልሳሉ። አለቃችሁ ከፈቀደ ሐሙስ ማታ ሄዳችሁ አርብን ከአዲስ አበባ መሥራት፣ ወይም ሰኞን እዚያ ውላችሁ ማክሰኞ ጠዋት መመለስ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። መምህር ከሆናችሁ የትምህርት ፕሮግራም ሳይወጣ በፊት ለትምህርት ክፍሉ ንገሩ። የሰኞ ጠዋት ክፍለ ጊዜ ከተሰጣችሁ ሴሚስተሩን ሙሉ የእሁድ ማታ ትኬት ትከፍላላችሁ።

ከዓመቱ ደግሞ በዓላቱ ግልጽ ናቸው፦ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። የጅማን ጉዞ ከሌላው ከተማ የሚለየው ግን ኢድ ነው። ጅማ ላይ ኢድ አልፈጥርና አረፋ ሲመጣ አዲስ አበባ ያለው የጅማ ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ይነሳል። አስቸጋሪው ነገር የኢድ ቀን በጨረቃ የሚወሰን መሆኑ ነው። የኢድ አልፈጥር እርግጡ የሚታወቀው በዋዜማው ነው። ለዋዜማው ቀን ትኬት የቆረጠ ሰው ቁርጡ ሲመጣ ሊቸገር ይችላል። ሊሆን ከሚችለው ቀን ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ፤ መመለሻውንም በዓሉ በሁለቱም ቀን ቢውል በማይነካ ቀን ያዙ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ወቅት አለ፦ ግንቦትና ሰኔ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተጠቀሙበት በጀት ያለባቸው መሥሪያ ቤቶች ሥልጠናና ግምገማውን የሚደረድሩት በዚያ ሰሞን ነው። የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ዋጋ አያስፈራቸውም። በራሱ ኪስ የሚጓዝ ሰው ለሰኔ ትኬቱን በሚያዝያ ቢቆርጥ ይሻለዋል። የዩኒቨርሲቲው የምረቃና የተማሪ ቅበላ ሳምንታትም እንደዚሁ ናቸው። የቡና ለቀማው ወቅት፣ ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት፣ ከተማው በነጋዴ ይሞላል፤ በረራውም ይሰማዋል።

ክረምቱ የተለየ ነው። የዝናብ ወቅት ስለሆነ ተጓዡ ቀዝቀዝ ይላል፤ ግን ጅማ ዝናቧ አይጣል ነው። ጠዋት ደመናና ጭጋግ ሲወርድ በረራ ይዘገያል። በሐምሌና በነሐሴ የማይቀር ቀጠሮ ካላችሁ ከመጀመሪያው የጠዋት በረራ ይልቅ በዋዜማው ከሰዓት መሄድ ይሻላል።

እንግዲህ የራሳችሁን ቀን መቁጠሪያ አውጡና የሚቀጥሉትን ሦስት ወራት ተመልከቱ። በእርግጠኝነት የምትጓዙባቸውን ቀኖች አክብቡ። እነዚያን አሁኑኑ ቁረጡ። «ምናልባት» የሚባሉትን ተዉአቸው። ምናልባት ለሆነ ጉዞ ርካሽና የማይቀየር ትኬት መቁረጥ ቁማር ነው።

4. ቀኑንና ሰዓቱን ሳትሳሳቱ ቀይሩ

ትኬቱ የሚጻፈው በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ገንዘብ ከሚጠፋባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ሰዓቱን ለመቀየር ቀላሉ መንገድ ይኸውላችሁ። ከ07:00 እስከ 18:59 ያለውን 6 ቀንሱለት። 07:30 ከሆነ ጠዋት 1:30 ነው። 13:20 ከሆነ ቀን 7:20 ነው። ከ19:00 በላይ ላለው 18 ቀንሱለት፤ 19:40 ማታ 1:40 ነው። የሚያሳስተው ንጋት ላይ ያለው ነው። 06:40 የሚለው ጠዋት 12:40 ነው እንጂ ከምሳ በኋላ የሚሆን አይደለም።

ቀኑ ላይ ወጥመዱ የወር ቁጥር ነው። በእኛ ሰባተኛው ወር መጋቢት ነው፤ በፈረንጁ ሰባተኛው ሐምሌን የሚነካው ጁላይ ነው። ቀን በቁጥር ብቻ አትጻፉ፤ በቁጥር ብቻ የተጻፈም አትቀበሉ። ለምታስቆርጡለት ሰው «ማክሰኞ፣ መጋቢት ይህን ያህል» ብላችሁ የሳምንቱን ቀን ጨምራችሁ ንገሩት። የሳምንቱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ስለሆነ ስሕተቱን ወዲያው ያጋልጠዋል።

5. ስትፈልጉ እንዲህ ፈልጉ

የአየር መንገዱን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። የጅማ መለያ ፊደል ጄ አይ ኤም ነው፤ የአዲስ አበባ ኤ ዲ ዲ። መነሻና መድረሻውን አስገቡና የምትፈልጉትን ቀን ብቻ ሳይሆን ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ቀኖች ተመልከቱ። በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ በላይ በረራ ካለ የሁሉንም ዋጋ እዩ። የማለዳውና የቀትሩ በረራ ዋጋ ሊለያይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ደርሶ መልሱንም፣ መሄጃና መመለሻውን ለየብቻም ፈትሹ። ለሚመላለስ ሰው ለየብቻ መቁረጥ አንድ ጥቅም አለው፦ መመለሻችሁ ቢቀየር መሄጃውን አይነካም። ደርሶ መልስ ላይ ግን የመጀመሪያውን በረራ ካልተሳፈራችሁ መመለሻው አብሮ ይሰረዛል። «በአውቶቡስ ሄጄ በአውሮፕላኑ ትኬት እመለሳለሁ» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ዋጋው እኩል ከሆነ ለየብቻ ያዙ።

ሦስተኛ፣ ከአንድ በላይ ሰው ሆናችሁ ስትጓዙ መጀመሪያ ለአንድ ሰው ፈልጉ። ሲስተሙ ለሁሉም እኩል ዋጋ ነው የሚሰጠው። አራት ሰው ፈልጋችሁ በርካሹ ደረጃ የቀረው ሁለት ወንበር ከሆነ፣ አራታችሁንም ወደሚቀጥለው ዋጋ ያወጣችኋል። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብትቆርጡ ግን ሁለቱ በርካሹ ይገባሉ። ይህን ትኬት ቢሮ ውስጥ ማንም አይነግራችሁም፤ ካልጠየቃችሁ።

አራተኛ፣ ስማችሁ። በመታወቂያው ላይ እንዳለ ጻፉ። ፋይዳም ሆነ ፓስፖርት፣ የምትጓዙበትን መታወቂያ ፊታችሁ አስቀምጡና ፊደል በፊደል ገልብጡ። የአባት ስም በሚለው ቦታ አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት እያደረጉ መቀያየር ኋላ ላይ ጣጣ ያመጣል። አንዱን መርጣችሁ ጽኑበት።

ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ «እኔ በካርድ ልቁረጥላችሁ» ሲል ደግ ነው፤ ግን መጀመሪያ ዋጋውን አወዳድሩ። ትኬት የሚቆረጥበት ሀገር ዋጋውን ሊለውጠው ይችላል። ብዙ ጊዜ እዚህ በብር አስይዛችሁ ገንዘቡን እሱ ቢልክ ይሻላል። በሌላ በኩል ያ ዘመድ ራሱ ለዕረፍት በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመጣ ከሆነ፣ በዓለም አቀፍ ትኬቱ መሠረት ለሀገር ውስጥ በረራ ቅናሽ አለና ሲቆርጥ ያንን ይጠይቅ።

6. አስይዙና በጊዜው ክፈሉ

መተግበሪያው ላይ ወይም ቢሮ ሄዳችሁ ስታስይዙ ፒ ኤን አር የሚባል ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር ኮድ ይሰጣችኋል። ክፍያው በቴሌብር፣ በባንክ መተግበሪያ ወይም ባንክ ቅርንጫፍ ሄዶ በኮዱ ሊፈጸም ይችላል። ለመክፈያ የተሰጠው ሰዓት አለ። ካለፈ ሲስተሙ ራሱ ይሰርዘዋል። እንደገና ስታስይዙ ያ ዋጋ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ የመጨረሻዋን ደቂቃ አትጠብቁ። «ኔትወርክ የለም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ጅማ ውስጥ የማያውቅ የለም። መብራት ሄዶ፣ ባንኩ ሲስተም አጥቶ፣ ቴሌብሩ ቆሞ ትኬት የሚሰረዝበት ቀን አለ። ቴሌብራችሁ ላይ የዕለት ገደባችሁ ለትኬቱ የሚበቃ መሆኑንም ቀድማችሁ እዩ። ከከፈላችሁ በኋላ የትኬት ቁጥር የያዘው ማረጋገጫ ካልመጣ አልተቆረጠም ማለት ነው። ኮድ መያዝ ትኬት መያዝ አይደለም።

የጉዞ ወኪል ጋ ከሄዳችሁ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። አንዳንዴ ዋጋ አለው፤ በተለይ ስልክ ለማይመቻቸው ወላጆች። ነገር ግን ዋናውን ዋጋና የወኪሉን ክፍያ ለይቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ።

ቴሌግራም ላይ «ግማሽ ዋጋ ትኬት» የሚሉ ሰዎች አሉ። አትጠጉ። ብዙ ጊዜ በተሰረቀ ካርድ የተቆረጠ ነው፤ ባለካርዱ ሲያውቅ ትኬቱ ይሰረዛል፤ እናንተ መግቢያው በር ላይ ትቀራላችሁ። ከማንም ስትገዙ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ኮዱንና ስማችሁን በአየር መንገዱ መተግበሪያ ላይ አስገብታችሁ የትኬት ቁጥር እንዳለው ራሳችሁ እዩ።

7. ሁኔታዎቹን አንብቡ፤ ገንዘቡ የሚፈስበት ቀዳዳ እዚያ ነው

ርካሹ ትኬት ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ቀን ለመቀየር ስንት ነው? ለመሰረዝ ስንት ይመለሳል? ሳልመጣ ብቀርስ?

ቀን ስትቀይሩ የምትከፍሉት ሁለት ነገር ነው። አንዱ የቅያሬ ቅጣቱ ነው። ሌላው የዋጋ ልዩነቱ ነው፤ አዲሱ በረራ ላይ የእናንተ ደረጃ ካለቀ የሚጨመረው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አስቦ ሁለተኛው ሲመጣ ይደነግጣል።

ከሁሉም የሚያቃጥለው ሳይናገሩ መቅረት ነው። በረራው ከመነሳቱ በፊት መቅረታችሁን ካላሳወቃችሁ ቅጣቱ ይከብዳል፤ አንዳንዱ ትኬት እንዲያውም ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ልማድ ይሁንላችሁ፦ ጉዞው እንደማይሆን ባወቃችሁበት ቅጽበት፣ መንገድ ላይም ብትሆኑ፣ በመተግበሪያው ወይም በስልክ አሳውቁ። ከበረራው አንድ ሰዓት በኋላ የሚሰጥ ምክንያት አይጠቅማችሁም።

ስብሰባቸው በየጊዜው ለሚራዘምባቸው ሰዎች አንድ ምክር አለኝ። መሄጃውን በርካሹ፣ መመለሻውን ትንሽ ጨምራችሁ በሚቀየረው ደረጃ ቁረጡ። ሰው ሲሄድ ብዙ ጊዜ በቀኑ ይሄዳል። የሚበላሸው መመለሻው ነው። አዲስ አበባ የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ «ነገ ና» ካለች ነገ ብቻ አታበቃም።

8. ሻንጣ

ከጅማ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው የለም። ማር አለ፣ ቅቤ አለ፣ ቡና አለ። አንዳንዴም ሙሉ ጆንያ።

በእጅ የሚያዘው ቦርሳ ለኢኮኖሚ ተጓዥ 7 ኪሎ ነው። የሚጫነው ሻንጣ ልክ ትኬታችሁ ላይ ተጽፏል፤ እሱን እዩ። ከዚያ ያለፈው በትርፍ ኪሎ ይከፈልበታል፤ ትርፍ ኪሎ ደግሞ ያተረፋችሁትን ቅናሽ ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል። ቤት ውስጥ መዝኑ። የሱቅ ሚዛን ይበቃል።

ማርና ቅቤ በእጅ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ፍተሻ ላይ ፈሳሽ ተብሎ ሊያስቀራችሁ ይችላል። በደንብ ታሽጎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ከባዱን ዕቃ ደግሞ በአውቶቡስ መላክ ይሻላል። እናንተ በአየር፣ ጆንያው በየብስ። አውቶቡስ ተራ የሚቀበል ሰው ካለ በዚያው ቀን ማታ ይደርሳል፤ ክፍያው ከትርፍ ኪሎ ጋር አይወዳደርም።

9. ምልልሱን ራሱን አስከፍሉት

በበረራችሁ ቁጥር ማይል የሚባል ነጥብ የሚያጠራቅምላችሁ የአየር መንገዱ ፕሮግራም፣ የሸባ ማይልስ፣ አባልነት ነፃ ነው። ስሙ ከትኬታችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ቁጥሩንም ስታስይዙ አስገቡ። የጅማ በረራ አጭር ስለሆነ የምታገኙት ማይል ትንሽ ነው። በጣም ርካሹ ደረጃ ደግሞ ያነሰ ይሰጣል። ግን ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ፣ በመሀል አንድ ሁለት የውጭ ጉዞ ያለው ሰው ይጠራቀምለታል። ከፍ ወዳለው ደረጃ ከወጣችሁ ተጨማሪ ኪሎ ይኖራችኋል፤ ለቅቤና ለማር ወዳጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በማይል የሚወሰድ ትኬት ላይም ታክስ እንደሚከፈል እወቁ፤ ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደለም።

መሥሪያ ቤታችሁ ወይም ማኅበራችሁ ብዙ ሰው የሚልክ ከሆነ ፋይናንስ ክፍሉ በቀጥታ ከአየር መንገዱ ሽያጭ ቢሮ ጋር እንዲነጋገር ግፉ። ሰው በሰው ከመቁረጥ ይልቅ በድርጅት ስም የሚደረግ ስምምነት ዋጋም፣ የቅያሬ ሁኔታም ሊያሻሽል ይችላል። ለቡድን ጉዞም እንደዚሁ ቢሮውን መጠየቅ ነው።

10. ከአዲስ አበባ አልፋችሁ የምትሄዱ ከሆነ

ጂዳ ለዑምራ፣ ዱባይ ለዕቃ፣ ጓንጆ ለንግድ የሚሄድ የጅማ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ከአዲስ አበባ የሚነሳውን ትኬት ቆርጦ የጅማውን ለብቻው ይጨምራል። ከመቁረጣችሁ በፊት ከጅማ ጀምሮ እስከ መድረሻው ያለውን በአንድ ትኬት ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሀገር ውስጡ በረራ ለብቻው ከሚያስከፍለው በጣም ባነሰ ጭማሪ ይገባል።

ከዋጋው በላይ ግን ዋስትናው ነው። ሁሉም በአንድ ትኬት ከሆነ፣ የጅማው በረራ በጭጋግ ቢዘገይና የጂዳው ቢያመልጣችሁ በሚቀጥለው ማሳፈር የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። ለየብቻ ከቆረጣችሁ ግን ለሁለተኛው ትኬት እናንተ ቀሪ ናችሁ፤ ቅጣቱም የእናንተ ነው። ለየብቻ ለመቁረጥ የግድ ከሆነ በዋዜማው አዲስ አበባ እደሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከጅማ የሚነሳ አንድ ትኬት ቆርጣችሁ ከአዲስ አበባ ለመሳፈር አትሞክሩ። የመጀመሪያውን በረራ ከዘለላችሁት ቀሪው በሙሉ ይሰረዛል።

11. የጉዞው ዕለትና በረራ ሲስተጓጎል

በዋዜማው ማታ ስልካችሁን እዩ። የበረራ ሰዓት ለውጥ በአጭር መልእክት ወይም በኢሜይል ይመጣል፤ ስለዚህ ስታስይዙ የራሳችሁን ስልክ አስገቡ እንጂ የወኪሉን አይደለም። ወኪል ስልኩን አስገብቶ መልእክቱ እሱ ጋ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከአዲስ አበባ ስትመለሱ ቦሌ ለመድረስ ሰፊ ጊዜ ያዙ። የሀገር ውስጥ ተርሚናሉ ጠዋት ላይ ይጨናነቃል፤ መንገዱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ከአየር ጤና ወይም ከጀሞ የምትነሱ ከሆነ የሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረሱ ላይ የከተማውን መንገድ ጨምሩበት። ጅማ ላይ ይህ ጭንቀት የለም፤ ከመርካቶም ሆነ ከአጂፕ ባጃጅ ይዞ ቶሎ ይደረሳል። ከአጋሮና ከሊሙ የምትመጡ ግን የጠዋቱን በረራ ከያዛችሁ ጅማ ማደሩን አስቡበት።

አየር መንገዱ ራሱ በረራውን ከሰረዘ ወይም በጣም ካዘገየ የቅያሬ ቅጣት አይመለከታችሁም። ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ሌላ በረራ መዛወር፣ ወይም ካልሄዳችሁ ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጠብ አያስፈልግም። የአየር መንገዱ ካውንተር ጋ ሄዳችሁ ስረዛው ከእነሱ በኩል መሆኑን ትኬታችሁ ላይ እንዲመዘግቡ ጠይቁ፤ ኮዱንና የመጣላችሁን መልእክት ፎቶ አንሱ። ሰው ሁሉ ካውንተሩ ላይ ሲሰለፍ እናንተ በሰልፉ ላይ ቆማችሁ በስልክም ደውሉ፤ በሚቀጥለው በረራ ላይ የቀሩት ወንበሮች ለቀደመ ነው። ገንዘብ ለማስመለስ ከሆነ በከፈላችሁበት መንገድ ስለሚመለስ የቴሌብሩን ወይም የባንኩን ደረሰኝ ገንዘቡ እስኪገባ አታጥፉት።